ከመርሳት የወጣ ድምፅ፤ የወይዘሮ ቫንዳ ላንዶቭስካ የሕይወት ታሪክ

በምሥራቅ ሱዳን፥ በከሰላና በገዳሪፍ መካከል፥ ኸሽም ኤል ቂርባ የምትባል ከተማ በአትባራ ወንዝ ዳር ትገኛለች። የስሟም ትርጓሜ የውሃ አቍማዳ አፍ ማለት ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው የተከዜ ውሃ፥ በወሰኑ አካባቢ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋራ ከተቀላቀለ በኋላ በዚህች ከተማ አጠገብ ያልፋል። በ1964 ዓ.ም. ወንዙ በዚሁ ስፍራ በግድብ ተያዘ። በዚያው ዓመት የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ አገራቸውን የሚያሰጥምባቸው የዋዲ ሐልፋ ሰዎች፥ ቍጥራቸው 50 ሺህ ያህል ሲሆን፥ በባቡር እየተጫኑ መጥተው በግድቡ ውሃ በሚለማው መሬት ላይ በአዲስ መንደሮች ሰፈሩ። በባቡር ሊጫን የሚችለው የቤት ዕቃ ሁሉ ተጫነ፤ የተምሩ ዛፍና የአባቶች መቃብር ግን የማይጫኑ በመሆናቸው ለውሃው ቀሩ።

ሰው አገሩን ለቆ ሲሰደድ ሳይከብደው የሚሸከመው ሀብት ቢኖር በልቡ የያዘው ዜማ ነው፤ በኬላም ቀረጥ አይጠየቅበትም። ነገር ግን ይህ ሀብት የሚያስታውሰውና የሚጫወተው ሰው ሲታጣ ጎርፍ ሳይነካው ይሰጥማል። የኑብያ ምድር ከመስጠሙ በፊት የፖላንድ ሊቃውንት ከ1961 እስከ 1964 ዓ.ም. በፋራስ መንደር በአሸዋ የተቀበረውን ጥንታዊ ካቴድራል ቈፍረው ከ120 የሚበልጡ የግድግዳ ሥዕሎች አድነዋል፤ ከሥዕሎቹም ከፊሉ ለካርቱም፥ ከፊሉ ለዋርሶ ቤተ መዘክር ደረሰ። ከዚህ ነገር 85 ዓመት አስቀድሞ በዚያችው በዋርሶ ከተማ የተወለዱ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ፥ በአሸዋ ሳይሆን በመርሳት የተቀበረውን የጥንት ሙዚቃ ሲቈፍሩና ሲያሰሙ ዕድሜያቸውን ፈጽመዋል። እኒህም ቫንዳ ላንዶቭስካ ናቸው።

ወይዘሮ ላንዶቭስካ የተወለዱት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 5 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። አባታቸው የሕግ ጠበቃ፥ እናታቸው የቋንቋ ዐዋቂና ተርጓሚ ነበሩ። ትውልዳቸው ከአይሁድ ወገን ሲሆን ቤተ ሰቡ የካቶሊክን ሃይማኖት የተቀበለ ነበር። ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳሉ ፒያኖ መማር ጀመሩ፤ ካደጉም በኋላ በዋርሶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው፥ የሾፓንን ድርሰት በመጫወት እጅግ ከታወቁት ከያን ክሌቺንስኪና ከአሌክሳንደር ሚካሎቭስኪ ተማሩ። በ1896 ዓ.ም. የድርሰትን ጥበብ ለማጥናት ወደ በርሊን ተላኩ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብን ልማድና ትውፊት ከሚያጠኑት ከፖላንዳዊው ከሄንሪክ ሌቭ ጋራ ወደ ፓሪስ ሄደው ተጋቡ። ባልየው በምርምሩ ሥራ እውነተኛ ረዳት ሆኑላቸው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ አዳራሾች ይሰማ የነበረው ሙዚቃ አብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተደረሰው ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት የብዙ ሊቃውንት ድርሰቶች በየቤተ መጻሕፍቱ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። የአንዳንዶቹ ስም በታሪክ መጻሕፍት ቢገኝም ድምፃቸውን የሰማ ሰው ጥቂት ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ፈረንሳዮቹ ፍራንሷ ኩፕረንና ዣን ፊሊፕ ራሞ፥ እንግሊዛዊው ዊልያም በርድ፥ የኔፕልስ ተወላጅ የሆነው ዶሜኒኮ ስካርላቲም ይገኛሉ። ስካርላቲ ለስፔን ንግሥት ለማሪያ ባርባራ መምህር ሆኖ ሲያገለግል 555 ሶናታዎችን የደረሰ ሰው ነው፤ እርሱ በሕይወት ሳለ በ1738 ዓ.ም. በራሱ ፈቃድ ያሳተማቸው ግን 30 ብቻ ነበሩ።

ድርሰቶቹ የተረሱበት ዋና ምክንያት የተጻፉለት መሣሪያ በመጥፋቱ ነው። ይህም መሣሪያ ጣልያኖች ክላቪቼምባሎ የሚሉት ነው። በውጭ ሲያዩት ፒያኖ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። በፒያኖ ውስጥ ጣት ቍልፉን ሲጫነው ትንሽ መዶሻ ተነሥታ አውታሩን ትመታለች፤ ስለዚህ ተጫዋቹ በጣቱ ኃይል ድምፁን ሊያጐላም ሊያሳንስም ይችላል። በክላቪቼምባሎ ግን ከወፍ ላባ ወይም ከጠንካራ ቆዳ የተሠራች ጥፍር መሰል ነገር አውታሩን ትነጥቀዋለች። ጣት ቢጠነክርም ቢለዝብም የድምፁ መጠን እምብዛም አይለወጥም። ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ በፍሎሬንስ ሲሠራ በ1700 ዓ.ም. ገደማ ፒያኖን ከፈለሰፈ ወዲህ ሕዝቡ ጐላ ያለውን ድምፅ እየወደደ ሄደ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ክላቪቼምባሎ ከአዳራሽ ወጥቶ የቤተ መዘክር ዕቃ ሆነ።

ብዙ ሰዎች የጥንቱን ድርሰት በፒያኖ መጫወት ይበቃል ይሉ ነበር። በገናን የሚያውቅ ሰው ይህ አሳብ የጐደለው ምን እንደ ሆነ በቶሎ ይገባዋል። የበገናን መዝሙር በክራር መደርደር ይቻላል፤ ዜማው ያው ዜማ ነው፤ ነገር ግን ከአውታሩ ሥር ያለችው እንዚራ የምትሰጠው ያ ርግብግብ የሚል ከባድ ድምፅ ከሌለ በገናነቱ ይቀራል። ወይዘሮ ላንዶቭስካም ያመኑት ይህንኑ ነው። ድርሰቱና መሣሪያው እንደ ነፍስና ሥጋ ናቸውና ሊለያዩ አይገባም ብለው ተነሡ።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ችግር ደግሞ ነበረ። የጥንቶቹ ደራሲዎች ከኖታው በላይ ጥቃቅን ምልክቶች ያደርጉ ነበር፤ ኩፕረንም በ1713 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ምልክቶቹን በሰንጠረዥ አስፍሯል፥ በ1716 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አጨዋወቱ ጥበብ የተለየ መጽሐፍ ጽፏል። ሆኖም በእኛ አገር የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ደቀ መዝሙር ይዘትንና ድፋትን፥ ጭረትንና ርክርክን በመጽሐፍ ላይ ቢያይ፥ ከመሪጌታ አፍ ካልሰማ ሊያዜመው እንደማይችል ሁሉ፥ የኩፕረን ምልክቶችም መምህር ካልነገራቸው ዝም ያሉ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ የመምህርና የደቀ መዝሙር ሰንሰለት ተቈርጦ ነበርና የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወይዘሮ ላንዶቭስካ ከባላቸው ጋራ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር እየዞሩ የጥንት የማስተማሪያ መጻሕፍትን አነበቡ፥ የተቀመጡትን መሣሪያዎች መረመሩ፤ ያገኙትንም በጣታቸው እየፈተኑ የተቈረጠውን ሰንሰለት መቀጠል ጀመሩ።

በ1903 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ክላቪቼምባሎ ተጫወቱ። እርግጥ ነው፥ በዚህ መንገድ የሄዱ እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ታላቅ የንግድ ትርኢት ኤራርና ፕሌየል የተባሉት የፒያኖ ፋብሪካዎች አዲስ የሠሯቸውን ክላቪቼምባሎዎች አሳይተዋል፤ በእንግሊዝ አገርም አርኖልድ ዶልሜች የጥንት መሣሪያዎችን ይሠራና ይጫወት ነበር። የወይዘሮ ላንዶቭስካ ልዩነት ምርምሩን ከታላቅ የተጫዋችነት ችሎታ ጋራ አስተባብረው ለብዙ ሕዝብ ማድረሳቸው ነው። በ1907 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ ሄደው በያስናያ ፖልያና በታላቁ ደራሲ በቶልስቶይ ቤት ተጫወቱ። በ1909 ዓ.ም. ከባላቸው ጋራ ያዘጋጁትን የጥንት ሙዚቃ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በኋላ በጋቦን አገር በላምባሬኔ ሐኪም ሆነው የታወቁት አልበርት ሽቫይጸርም ሥራቸውን ከደገፉት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ከቤተ መዘክር የሚገኙት አሮጌ መሣሪያዎች ግን አብዛኞቹ የደከሙ ስለ ነበሩ፥ ለትልቅ አዳራሽም ድምፃቸው ስለማይበቃ፥ ወይዘሮ ላንዶቭስካ ከፕሌየል ፋብሪካ ጋራ ተስማምተው እንደ አሳባቸው አንድ ታላቅ ክላቪቼምባሎ አሠሩ። ይህም ሁለት ተርታ ቍልፍና ልዩ ልዩ ድምፅ የሚለዋውጡ የእግር መርገጫዎች ያሉት፥ ጥልቅ ድምፅ የሚሰጡ ረጃጅም አውታሮችም የተጨመሩበት ነበር። በ1912 ዓ.ም. በብሬስላው ከተማ በተደረገው የባኽ በዓል ላይ ለሕዝብ ቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት የበርሊን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላቪቼምባሎ እንዲያስተምሩ ጠራቸው።

ብዙም ሳይቈይ በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ባልና ሚስቱ በበርሊን እንዳሉ ተይዘው፥ በእስር ቤት ባይዘጉም፥ ጦርነቱ እስኪፈጸም ድረስ ከአገር እንዳይወጡ ተደረጉ። ሰላም ሆኖ ወደ ፓሪስ ሊመለሱ ሲያስቡ በ1919 ዓ.ም. ሄንሪክ ሌቭ በአውቶሞቢል አደጋ ሞቱ። ወይዘሮ ላንዶቭስካ በ40 ዓመት ዕድሜያቸው ብቻቸውን ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ።

ኀዘኑ ከሥራቸው አላስቈማቸውም። በ1923 ዓ.ም. 4 ታላላቅ ክላቪቼምባሎዎች በመርከብ አስጭነው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በፊላደልፊያም ከታወቀው ከስቶኮቭስኪ የሙዚቃ ጓድ ጋራ ተጫወቱ። የዚህ ዓይነት ጭነት ወጪውም ሥጋቱም ምን ያህል እንደ ሆነ ዕቃ በባሕር የላከ ነጋዴ ያውቀዋል፤ እርጥበት አውታሩን ያላላዋል፥ እንጨቱንም ያጣምመዋል። ከዚህም በላይ የዘመኑ ደራሲዎች ለአሮጌው መሣሪያ አዲስ ድርሰት መጻፍ ጀመሩ። ስፔናዊው ማኑኤል ደ ፋያ የጻፈላቸው ኮንቸርቶ በ1926 ዓ.ም. በባርሴሎና፥ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፑላንክ የጻፈላቸው ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በፓሪስ ተሰማ። ሞተ የተባለው መሣሪያ እንደ ገና ልጅ ወለደ ማለት ይቻላል።

በ1925 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተ ሰሜን በሳን ሌ ላ ፎሬ ቤት ገዝተው የጥንት ሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1927 ዓ.ም. በአትክልቱ ስፍራ አንድ ትንሽ የሙዚቃ አዳራሽ ተከፈተ። ከብዙ አገር ተማሪዎች መጡ፤ ከእነዚህም አንዱ አሜሪካዊው ራልፍ ከርክፓትሪክ በ1953 ዓ.ም. የስካርላቲን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሶናታዎቹን ተራ ቍጥር ያወጣው ሊቅ ነው። በቤታቸው 10 ሺህ ያህል መጻሕፍትና የኖታ ጽሑፎች፥ ብዙ ጥንታዊ መሣሪያዎችም ተሰበሰቡ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ሾፓን በ1838 እና በ1839 ዓ.ም. በማዮርካ ደሴት ሳለ የተጫወተበት ትንሽ ፒያኖ ነበር።

በዚሁ አዳራሽ በሜይ ወር 1933 ዓ.ም. ወይዘሮ ላንዶቭስካ የሕይወታቸውን ታላቅ ሥራ አሰሙ። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1741 ዓ.ም. ያሳተመው፥ በኋላ የጎልድቤርግ ልውጦች የተባለው ድርሰት አንድ ዜማና 30 ልውጦች አሉት። ደራሲው ሁለት ተርታ ቍልፍ ላለው ክላቪቼምባሎ እንደ ጻፈው በመጽሐፉ ላይ ገልጿል፤ በፒያኖ አንድ ተርታ ላይ ሲጫወቱት ሁለቱ እጆች ይጋጫሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉውን በተጻፈለት መሣሪያ በመጫወት የመጀመሪያዪቱ ወይዘሮ ላንዶቭስካ መሆናቸው ይነገራል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በሸክላ ተቀረጸ። ፋብሪካው እንዲህ ያለውን ገበያው ያልታወቀ ሥራ የሚያወጣው ገዢዎች አስቀድመው ተመዝግበው ሲገኙ ነበር፤ ስለዚህ የተረሳው ሙዚቃ ድምፁን ሳይሰሙ ባመኑ ደንበኞች ገንዘብ ወደ ዓለም ወጣ።

ከዚህ በኋላ የመከራው ዘመን መጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ ወይዘሮ ላንዶቭስካ በፓሪስ የስካርላቲን ሶናታዎች ሲቀርጹ፥ አውሮፕላን የሚመታው መድፍ ሲተኰስ ድምፁ በሸክላው ላይ ገብቷል። እርሳቸው ግን መጫወታቸውን አላቋረጡም። በጁን ወር የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲቀርብ፥ ደቀ መዝሙራቸው ከሆነችው ከዴኒዝ ረስቱ ጋራ የ15 ዓመት ሥራቸውን ትተው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ በስፔን ወሰን አጠገብ በባንዩልስም ተጠጉ።

በሴፕቴምበር ወር የናዚ ፓርቲ ለሙዚቃ ዘረፋ ያቋቋመው የተለየ ክፍል ወደ ሳን ሌ ሄዶ ቤቱን በረበረ። ባለቤቲቱ ከአይሁድ ዘር ናቸውና ንብረታቸው ባለቤት እንደሌለው ተቈጠረ። መጻሕፍቱ፥ የእጅ ጽሑፎቹና መሣሪያዎቹ ከ50 በሚበልጡ ሣጥኖች ታሽገው ወደ ጀርመን ተጫኑ። ይህ ነገር የወታደር ድንገተኛ ዝርፊያ አልነበረም፤ ሊቃውንት መርጠው፥ ጸሐፊዎች መዝግበው፥ መኪናና ባቡር ታዞለት የተፈጸመ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነበር። ማኅተምና መዝገብ ሀብትን ለመጠበቅ እንደሚያገለግሉ ሁሉ ለመዝረፍም ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ከዚህ ይታያል። ከጦርነቱ በኋላ ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ በባቫርያ ተገኝተው ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ግን ብዙው ጠፍቶ ቀረ። የሾፓንም ፒያኖ ከተመለሰ በኋላ ያለበት ሳይታወቅ ቀረ።

ወይዘሮ ላንዶቭስካ በሊዝቦን በኩል በመርከብ ተጕዘው ኒውዮርክ የደረሱት ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያ ቀን ጃፓን ፐርል ሃርበርን የመታችበት ቀን ነው። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ነበር፤ ቤት የላቸውም፥ ሀብት የላቸውም፥ አገሩም ወደ ጦርነት ገብቷል። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ፥ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1942 ዓ.ም. በኒውዮርክ ታውን ሆል በተባለው አዳራሽ የጎልድቤርግን ልውጦች ተጫወቱ። ሣጥኖቹን የጫኑት ሰዎች ወረቀቱንና እንጨቱን ወሰዱ እንጂ፥ ከ40 ዓመት ጥናት በኋላ በጣቶቻቸውና በልባቸው የተጻፈውን ሊወስዱት አልቻሉም ነበር። ሕዝቡም በታላቅ ደስታ ተቀበላቸው።

በ1949 ዓ.ም. በኮኔቲከት አገር በሌክቪል ከተማ መኖር ጀመሩ። በዚያው ዓመት የባኽን 48 ፕሬሉዶችና ፉጋዎች የያዙትን ሁለት ክፍሎች መቅረጽ ጀምረው፥ አብዛኛውን በዚያው በመኖሪያ ቤታቸው እየሠሩ በ1954 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ፈጸሙ። በስተርጅና ጊዜያቸው የጠፋባቸውን ንብረት ሲያለቅሱ ከመኖር ይልቅ፥ የቀረውን ሌላ ወራሪ ሊያጠፋው ወደማይችልበት ስፍራ ለማድረስ መረጡ፤ በሸክላ የተቀረጸ ድምፅ በሺህ ቤት ይገኛልና። ኦገስት 16 ቀን 1959 ዓ.ም. በ80 ዓመታቸው በሌክቪል ዐረፉ፤ አመዳቸውም ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በሳን ሌ አጠገብ በታቬርኒ መካነ መቃብር ዐረፈ።

ስለ ሥራቸው የተነሣ ትችት አልታጣም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ወዲህ የተነሡ መሣሪያ ሠሪዎች፥ በተለይም በቦስተን የሠሩት ፍራንክ ሀበርድና ዊልያም ዳውድ፥ የጥንቶቹን መሣሪያዎች ለክተው እንደ ነበሩ መሥራት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ የፕሌየሉ ክላቪቼምባሎ ከፒያኖ ፋብሪካ እንደ ወጣ በግልጥ ታየ፤ ክብደቱም፥ የአውታሮቹ መወጠርም ባኽ ከሚያውቀው መሣሪያ የራቀ ነበር። ትችቱ እውነት ነው። ነገር ግን ወይዘሮ ላንዶቭስካ በሩን ባይከፍቱ ኖሮ ተቺዎቹ ስለ መሣሪያው የሚከራከሩበት ምክንያት ባልኖረም ነበር። የምርምር ጠባይ እንዲህ ነው፤ ፊተኛው መንገዱን ይጠርጋል፥ ኋለኛው ያቀናዋል።

የወይዘሮ ላንዶቭስካ ጽሑፎች በታማኝ ደቀ መዝሙራቸው በዴኒዝ ረስቱ ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት በ1964 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት የሐልፋ ሰዎች ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ የተጓዙበት፥ በፋራስም ሥዕሎቹ ከግድግዳ የተነሡበት ሥራ የተፈጸመበት ዓመት ነው። በሱዳን በ2023 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ደግሞ የካርቱም ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተዘርፏል። ከውሃ የዳነ ሀብት ከሰው እጅ ላይድን እንደሚችል ይህ ያስረዳል። ስለዚህ ዕቃን በአንድ ቤት ሰብስቦ መቈለፍ መልካም ቢሆንም አይበቃም። ዝርዝሩ በሌላ ስፍራ መቀመጥ፥ ጥበቡም ለሌላ ሰው መተላለፍ ይገባዋል። በሳን ሌ ቤት የነበሩት 10 ሺህ መጻሕፍት ሲበተኑ፥ የኩፕረንና የስካርላቲ ድምፅ ሁለተኛ ያልሞተው፥ ባለቤቲቱ አስቀድመው ለደቀ መዛሙርት ስላስተማሩት፥ በሸክላም ስላስቀረጹት ነው።